ኮርኒሱና ውኃ ልኩ

ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ግድግዳውን ያያል፣ ወለሉን ይረግጣል፣ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፤ ኮርኒሱን ግን አተኩሮ የሚያየው ሲታመም ብቻ ነው። እናታችን ባለፈው ዓመት በመስከረም ወባ ይዟቸው ዐሥራ አንድ ቀን በጀርባቸው ተኝተው፣ ከአልጋቸው በላይ ያለውን ኮርኒስ ሲመለከቱ ሰነበቱ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቃቸው ልጆቻቸውን ጠርተው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ስለ ሕመማቸው አልነበረም። «ኮርኒሱ አርግዟል፤ ሳይወልድብኝ እዩልኝ» አሉን።

እኛም ቀና ብለን አየን። እውነትም ከበሩ ማዕዘን ጀምሮ ወደ አልጋው ራስጌ እየወረደ ሄዶ፣ ልክ ከትራሳቸው በላይ ሆዱን ጥሎ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ አራታችንም አድገናል፤ በየበዓሉም እዚያው ተሰብስበን ቡና ጠጥተናል። መቼ እንዲህ እንደ ሆነ የሚያውቅ ግን ከመካከላችን አልተገኘም። አንድ ነገር ቀስ እያለ ሲጎብጥ ዐይንም አብሮት የሚጎብጥ ይመስላል።

ቤቱ የሚገኘው ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ ተገንብቶ በኖራ የተለሰነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የለበሰ፣ በዘመኑ ደኅና ከሚባሉት ቤቶች አንዱ ነው። አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሥራቸውም የሐዲዱን መንገድ ማቃናት ነበር፤ ይኸውም አንዱ ሐዲድ ከሌላው ዝቅ ወይም ከፍ ያለ እንደ ሆነ ጠጠሩን ከሥሩ እየጠቀጠቁ ወደ ልኩ መመለስ ነው። የዚያ አሮጌ ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነው። በዚያ አንድ ሜትር ላይ የጥቂት ሚሊ ሜትር ስሕተት ፉርጎ ሊጥል እንደሚችል አባታችን ገና በልጅነታችን ደጋግመው ነግረውናል።

በእርግጥ ይህች ከተማ ራሷ የተወለደችው በከፍታና በዝቅታ ጉዳይ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር መንገድ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር። ሐረር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ ያን ተራራ በሐዲድ መውጣት አስቸጋሪና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መንገዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ፣ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ደርሶ ጣቢያው እዚያው ተተከለ። ዳግማዊ ምኒልክ ስሟን «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ ማለትን መረጠ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው ከዚያ በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዐረቡና ህንዱ ከሀገሬው ጋር ተጎራብቶ ከዚራንና መጋላን ሠራ። አናጢውና ግምበኛውም ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ተማረ።

ከቋንቋቸውም ወሰደ። «ኮርኒስ» የምንለው ቃል በጣሊያንኛ የግድግዳና የጣሪያ መገናኛውን ጌጥ፣ ማለት ዳር ዳሩን ብቻ የሚመለከት ነው። እኛ ግን ከዳሩ ተነሥተን ሙሉውን ሸፈንበት። ቃሉን ስናሰፋው የማንም ፈቃድ አላስፈለገንም፤ ቤቱን ማስፋት ግን እንዲህ አልቀለለንም።

የእናታችን ቤት ኮርኒስ በመጀመሪያ አቡጀዲ ነበር። በሞራሌ ላይ ተወጥሮ በሚስማር የተያዘ፣ ኖራ የተቀባ ጨርቅ ነው። ሌሊት ሌሊት አይጥ በላዩ ስትሮጥ የእግሯ ምልክት ከሥር ይታየን ነበር፤ ልጆች ስለ ነበርን ይህ ለእኛ እንደ ሲኒማ ነበር። ኋላ አባታችን አቡጀዲውን አውርደው ኮምፔርሳቶ በገዛ እጃቸው ሰቀሉ፤ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ዳር ዳሩንም ቀጭን እንጨት ዞሩበት። እሳቸው በ1989 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ ኮርኒሱ መወላገዱን ያስተዋለ እንግዳ ሲገኝ እንዲህ እያልን እንቀልድ ነበር፦ «አባታችን ልካቸውን ሁሉ ለሐዲዱ ጨርሰው ለቤታቸው ሳይተርፋቸው ቀረ!» እናታችን በዚህ ቀልድ ስቀው አያውቁም። እኛም ለምን እንደማይስቁ ጠይቀናቸው አናውቅም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። መጀመሪያ ያነጋገርነው ሥራ ተቋራጭ ክፍሉን በአንድ ዐይኑ ቃኝቶ፣ «አሮጌውን ምንም ሳንነካ ከሥሩ የብረት ፕሮፋይል እንሰቅላለን፤ በእሱ ላይ ጂፕሰም ቦርድ እንለብጣለን፤ በአራት ቀን እንደ መስታወት ይሆንላችኋል» አለን። አቧራ የለም፤ አልጋ ማውጣት የለም፤ ዋጋውም ከአቅማችን የማይርቅ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣው በዐምስት ቀን ፈቃድ ነው። ሌላዋ አስተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤቷ ሊከፈት ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ስለዚህ አራት ቀን የሚለው ቃል ከሁሉ በላይ ጣመን። ሐሳቡም በራሱ ስሕተት አልነበረም። ያልተስተካከለን ኮርኒስ አንድ በአንድ በጠፍር እየሞሉ ከማቃናት ይልቅ፣ ከሥሩ በቀጭን ብረት አዲስ ሜዳ ፈጥሮ ቦርዱን በዚያ ላይ መለጠፍ ዛሬ በየአገሩ የተለመደ፣ የቀና አሠራር ነው።

ጂፕሰም ቦርድ የሚባለው በሁለት ወፍራም ወረቀት መካከል የተጋገረ ጀሶ ነው። ጀሶ የጥንት ግብፃውያን ለግንባታቸው የተጠቀሙበት አሮጌ ነገር ሲሆን፣ በወረቀት መካከል አድርጎ ሳንቃ የማድረጉ ብልሃት ግን የመጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ከአሜሪካ ነው። ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ በውስጡ የታሰረ ውኃ ስለ ሆነ፣ እሳት ሲነካው መጀመሪያ ያ ውኃ እስኪተን ድረስ ይቋቋማል። ደረቅ የሚመስለው ሳንቃ ውኃ የተሸከመ መሆኑ ያስገርማል። ይህን ሁሉ ዘርዝረን ለእናታችን ነገርናቸው። እሳቸው ግን፣ «ዕቃው ደኅና ይሆናል፤ እኔ የምፈልገው የሚሰቅለውን ሰው ነው» ብለው፣ ለአባታችን ወዳጅ ለነበሩ አንድ አሮጌ አናጢ ላኩባቸው።

እኒህ ሰው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከነልጃቸው መጡ። ልጁ አረንጓዴ ብርሃን የሚያወጣ የሌዘር መለኪያ ይዟል፤ አባትየው ግን በክንዳቸው ላይ የጠቀለሉት ውኃ የተሞላ ላስቲክ ቱቦ ብቻ ነበር። ወደ ክፍሉ ገብተው ቀና አሉና ለእናታችን፣ «አንቺ! ከዚህ ሥር ነው እንዴ የምትተኚው?» አሏቸው። (ድሬዳዋን የማያውቅ አንባቢ ይህ ንግግር ድፍረት እንዳይመስለው፤ በእኛ ከተማ «አንቺ»ና «አንተ» የሚባባሉት የሚከባበሩ ሰዎች ናቸው።)

ቱቦው የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እንደ ቀላል ነገር ሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለቱም አፉ ክፍት በሆነ ቱቦ ውስጥ ያለ ውኃ፣ ቱቦው በመካከል የቱንም ያህል ቢጠማዘዝ፣ በሁለቱ ጫፍ በአንድ ከፍታ ላይ ይቆማል። ባለሙያው ውኃውን በጥቂት ቀለም አቀሉት፤ ከዚያም ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው እየነካኩ አረፋ አስወጡ። አንዲት የአየር አረፋ በመካከል ከቀረች ልኩ ይሳሳታልና። አንደኛውን ጫፍ የያዘው ከእኛ አንዱ ነበርና አውራ ጣቱን ከአፉ ላይ ሳያነሣ ቢቆይ፣ «አቦ ልቀቀው! አፉን ዘግተህ እውነቱን እንዴት ይነግርሃል?» ብለው ቈጡት። ቱቦው በመስኮቱ በኩል በሚገባው ፀሐይ ላይ እንዳይጋደምም ከለከሉ፤ የሞቀ ውኃ ከቀዘቀዘው ይልቅ ስለሚቀል ልኩን በጥቂቱም ቢሆን ያዛባዋል አሉ። በድሬዳዋ ፀሐይ ይህ ትንሽ ምክንያት አይደለም።

በዚህ ዓይነት በአራቱም ግድግዳ ላይ ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ነጥብ ነጥብ ተደረገ፤ ነጥቦቹም በቀለም በተነከረ ሲባጎ ተመትተው ክፍሉን የሚዞር አንድ መሥመር ወጣ። ልጃቸው መጋረጃውን ዘግቶ ሌዘሩን ሲያበራ አረንጓዴው ብርሃን በመሥመሩ ላይ አረፈ። አባት ምንም አላሉም፤ ቱቧቸውን ብቻ ጠቀለሉ። እኛ በየስብሰባው አዳራሽ «ውኃ ልክ» የሚለውን ቃል ለሥነ ምግባርም፣ ለሕግም፣ ለዕቅድም ስንጠቀምበት ኖረናል። ውኃው ራሱ ሲለካ ያየነው ግን ያን ቀን ነው።

ከመሥመሩ ወደ ላይ እስከ ኮርኒሱ ድረስ በዘጠኝ ቦታ ተለካ። በበሩ ማዕዘን 2 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር፤ በመካከል 2 ሜትር ከ26፤ ከአልጋው ራስጌ በላይ 2 ሜትር ከ22 ሆኖ ተገኘ። ዐምስት ሜትር በአራት በሆነ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ማለት ነው።

ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ኮርኒስ ከአሮጌው ሥር ሲሰቀል ልኩን የሚወስነው ከሁሉ ዝቅ ያለው ነጥብ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወደ እሱ ይወርዳል። የብረቱና የቦርዱ ውፍረት ሲጨመርበት ክፍሉ ዐሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያጣል። እናታችን ይህን ሲሰሙ፣ «አየሬን ልትወስዱብኝ ነው?» አሉ። ይህ የእልከኛ ንግግር አይደለም። የቆላ ከተማ ቤት ቁመቱ ጤናው ነው፤ ትኩስ አየር ወደ ላይ ወጥቶ የሚያርፍበት ቦታ ሲያጣ የሚያርፈው በተኛ ሰው ፊት ላይ ነው። የከዚራን አሮጌ ቤቶች የሠሩት ሰዎች ይህን ዐውቀው ነው ጣሪያውን ያራቁት።

ባለሙያው ግን ያነሡት ጥያቄ ከቁመት የሚያልፍ ነበር። «ስንት ሳንቲ ሜትር እንደ ወረደ ዐውቀናል፤ ለምን እንደ ወረደ ግን አላወቅንም። ይከፈት» አሉ። እኛ አራታችን ተያየን። መክፈት ማለት አቧራ ነው፤ ቀን ነው፤ ምናልባትም ያልታሰበ ወጪ ነው። ከያዝነው ገንዘብ ከፊሉ የአንዳችን ልጅ የትምህርት ክፍያ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ በልባችን ያዘነበልነው ወደ ፊተኛው ተቋራጭ ነው። «አርባና ሃምሳ ዓመት የቆየ እንጨት ትንሽ ቢጎብጥ ምን ያስደንቃል? ከሸፈኑት በኋላ ማን ያየዋል?» አልን። ይህን ስንናገር እናታችን በዚያው ክፍል፣ በዚያው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይሰሙናል።

እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እናንተ አታዩትም፤ በየቤታችሁ ናችሁ። እኔ ግን ከሥሩ ነኝ። ክፈትልኝ» አሏቸው ባለሙያውን።

በማግስቱ ጧት አልጋውን አወጣን፤ የዳሩ ቀጭን እንጨት መነቀል ተጀመረ። ከአልጋው ራስጌ በኩል ያለው ቀድሞውኑ ከግድግዳው ለቆ ስለ ነበር፣ እናታችን ክፍተቱን በጋዜጣ ወረቀት ለጥፈውበት ነበር። እኛም ያን ጋዜጣ ስንት ዓመት አይተነው ምክንያቱን አልጠየቅንም። ኮምፔርሳቶው ሲወርድ ጠጠርና የደረቀ አፈር ወረደ፤ ከዚያም ሁላችንም ዝም አልን። አናጢዎች ካፕሪያታ ከሚሉት የጣሪያ ተሸካሚ አንዱ፣ በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጫፉ የለም። ቅርፊት የመሰለ ነገር ቀርቷል እንጂ ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል። ባለሙያው አውራ ጣታቸውን ሲያስገቡበት እስከ አንጓቸው ጠለቀ። ያን ሁሉ ጣሪያ በዚያ በኩል ይዞት የኖረው የኮምፔርሳቶው ሚስማርና የእግዚአብሔር ቸርነት ነበር።

ምክንያቱ ከላይ ተገኘ፤ የቆርቆሮው ሚስማር ላልቶ ቀዳዳው ሰፍቶ ነበር። የድሬዳዋ ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ሁለት ሜትር ርዝመት ባለው ቆርቆሮ ላይ የአርባ ዲግሪ ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ያስረዝመዋል፤ ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሚስማሩን እንደ ወላለቀ ጥርስ ያነቃንቀዋል። ከተማችን ዝናብ የሚበዛባት አይደለችም። የምናስበውም ዝናብ ከወንዙ የሚመጣውን ነው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት ደርሶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ከጨረሰ ወዲህ፣ ደመና ሲጠቁር የሁላችንም ዐይን ወደ ደቻቱ ነው። በሚስማር ቀዳዳ ጠብ የሚለውን የሚያይ የለም። እንጨቱ ግን በዚያች ጠብታ ረጠበ፤ የረጠበውን ምስጥ አገኘው።

ከዚያ በኋላ ባለሙያው ስሌቱን ነገሩን። ቦርዱ ለአንድ ካሬ ሜትር ዐሥር ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ክፍሉ ሃያ ካሬ ሜትር ነው። ፊተኛው ምክር ቢፈጸም ኖሮ፣ ሁለት ኩንታል ያህል ጀሶና ብረት ጫፍ በሌለው እንጨት ላይ ሰቅለን፣ ቀለም ቀብተን፣ እናታችንን ከሥሩ አስተኝተን፣ ተመራርቀን ወደየሥራችን እንሄድ ነበር። ኮርኒሱም ለጥ ያለ ሜዳ ሆኖ ይታይ ነበር። ይህን ስንሰማ ከመካከላችን ቀና ብሎ እናታችንን ሊያይ የደፈረ አልነበረም።

የግድግዳው ዳር በብሩሽ ሲጠረግ ደግሞ ሌላ ነገር ተገለጠ። ከቀጭኑ እንጨት ሥር ተሸፍኖ የኖረ፣ በእርሳስ የተሰመረ ቀጥተኛ መሥመር ክፍሉን ዙሮታል። ከበሩ ማዕዘን አጠገብ፣ በአባታችን የእጅ ጽሕፈት «ውኃ ልክ፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1964» ይላል። ባለሙያው ምንም ሳይናገሩ ቱቧቸውን ፈቱ። ከአንድ ሜትሩ ምልክት ወደ ላይ በአራቱም ማዕዘን፣ በእያንዳንዱም ግድግዳ መካከል ለኩት፤ በሁሉም 2 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር ነው። በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ሆነ። አባታችን ኮርኒሳቸውን እንደ ሐዲዳቸው አቃንተው ነበር የሰቀሉት። እናታችን መሥመሩን አዩት፤ «ያን ቀን ቱቦውን የያዝኩለት እኔ ነኝ» አሉ።

የቀረውን ሥራ በአጭሩ እንናገራለን። የተበላው እንጨት ተቆርጦ በአዲስ ተተካ፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀባ፤ የቆርቆሮው ሚስማር በጎማ ማኅተም ባለው ብሎን ተለወጠ። ለዚህ ሁሉ የሄደው ለትምህርት ክፍያ የተቀመጠው ገንዘብ ነው፤ እስከ ጥር ድረስ ለአራት ተካፍለን መለስነው። የአዲስ አበባው ወንድማችንም ፈቃዱን ለማስረዘም ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ በኋላ በዳሩ የሚዞረው ብረት በአባታችን መሥመር ላይ በትራፓኖ ተበስቶ ታሰረ፤ መስቀያዎቹ ከጤነኛው እንጨት ላይ ወረዱ፤ ዋናዎቹ ብረቶች አንድ አንድ ሜትር፣ ቦርዱ የሚታሰርባቸው ቀጫጭኖቹ ደግሞ አርባ አርባ ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ተደረደሩ። ባለሙያው ሲባጎ ወጥረው እያንዳንዱን መስቀያ አጠበቁ፣ አላሉ። ረጅም ሲባጎ ራሱ ከመካከሉ ስለሚወርድ እሱን ብቻ አያምኑትም፤ በሌዘሩም አስተያዩት። ልጅየው በዚህ ጊዜ ትንሽ ፈገግ አለ። ከሃያ አምስት ኪሎ በላይ የሚመዝነውን እያንዳንዱን ቦርድ በትከሻችን ደግፈን የያዝነው እኛ ነን። መገጣጠሚያው በአንድ መሥመር ላይ እንዳይውል ተዘነቀ፤ ብሎኑም ወረቀቱን ሳይቀድ ጥቂት ብቻ እንዲሰምጥ ተደረገ። ወረቀቱ ከተቀደደ ብሎኑ የሚይዘው ዱቄት ብቻ ነውና። ስቱኮው ሦስት ጊዜ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ ተፋቀ። ዐሥራ ሦስት ቀን ፈጀ። ቁመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አልቀነሰም።

በመጨረሻው ቀን መጋረጃው ሲገለጥ ኮርኒሱ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ወዲያው ግን የበሩ መቃን ራሱ ወደ ግራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ማዘንበሉ ታየን። ባለሙያውን ስንጠይቃቸው፣ «ትናንት የመጣ አይደለም፤ ከላይ ያለው ሁሉ ጎባጣ ስለ ነበር ነው ያልታያችሁ» አሉ። እኛም ከደረሰብን በኋላ ተጠንቃቂዎች ሆነን ነበርና፣ በሩም ይነቀል፣ ይታይ፣ ዋጋው ይነገረን እያልን መነጋገር ጀመርን። እናታችን ግን ትራሳቸውን ታቅፈው ደጅ ቆመዋል።

«በሩ ሥር አልተኛም» አሉ። «አሁን አልጋዬን አስገቡልኝ።»